ማሽኑ ያላየው ጣት

ንጋቷ በጓሮው በር ደፍ ላይ ተቀምጣ የጣቶቿን ጫፍ በጡብ ስብርባሪ ትፈገፍግ ነበር። አጠገቧ የተጨመቀ ሎሚ፣ አመድ የያዘ ጣሳና ውሃ የሞላ ሳፋ አለ። አውራ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ታወጣና ወደ ብርሃን ዘርግታ ታየዋለች፤ ካየችው በኋላ እንደገና ትፈገፍገዋለች። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቴፒ ገና ጭጋጓን አልገፈፈችም፤ ከሙዙ ቅጠል ላይ ጤዛው ጠብ ጠብ ይላል። ማራናታ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ አየቻትና ቆመች። ትናንት አመሻሽ ላይ ከሚዛን ተፈሪ ስትገባ አክስቷ እጄ ቆሻሻ ነው ብላ ክንዷን ነበር የዘረጋችላት። ያኔ ነገሬ አላለችውም።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ አክስቴ?"

"ቀስ በይ፤ ሰውዬው ይሰማል።" ንጋቷ ጡቡን ቀሚሷ ሥር ሸጎጠችው። ከአውራ ጣቷ ጫፍ ቀጭን ደም ወጥቷል። "ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አሉ። ዛሬ እንኳ ቢያየኝ ብዬ ነው።"

"ማን?"

"ያ ማሽን።"

ማሽኑን ማራናታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ የጣት አሻራ ማንበቢያ ነው። ከቀረቡላት ናሙናዎች መካከል የመረጠችው እሷ ናት፤ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሞከረችው እሷ ናት፤ ያለ ተመዝጋቢዋ ሴት ጣት አንድ ጣሳ ዘይት ከመጋዘን አይወጣም የሚለውን ደንብ የጻፈችውም እሷው ናት። የምትሠራበት ዓለም አቀፍ ድርጅት በብዙ አገር ቢሮ አለው። ቡና ለቅመው የሚያድሩ ሴቶች ሥራ በሚጠፋበት ክረምት እህልና ዘይት እንዲያገኙ የዘረጋው አዲስ ሥርዓት፣ ከቴፒ አካባቢ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ሊሄድ ታስቧል። ማራናታ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት የድርጅቱ የምሥራቅ አፍሪካ የዲጂታል ሥርዓቶች ተጠባባቂ ኃላፊ ሆናለች። በዚህ ቤት ግን ይህን የሚያውቅ የለም። እሷም አስረድታ አታውቅም፣ እነሱም ጠይቀው አያውቁም፤ ብትነግራቸውም ተጠባባቂ የሚለውን ሰምተው ዘበኛ ሳትመስላቸው አትቀርም ነበር። ይኸው አሁንም የአክስቷ ባል ተረፈ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ስልክ ሲያወራ ድምፁ እስከ ጓሮው ይሰማል። "አዎ፣ ልጅቷ መጥታለች። ደህና ናት። እዚያው ፈረንጆቹ ጋ ጸሐፊ ናት፤ ኮምፒውተር ትመታለች።"

ለቁርስ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ንጋቷ ከቡና ቅጠል የተፈላውን ጨሞ በየኩባያው ቀዳች፤ ኩባያውን የምትይዘው በመዳፏ ነው፣ ጣቶቿን ወደ ላይ አንሥታ። ሳሎኑ ማራናታ ስታድግበት እንደነበረው ነው። ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን፣ የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ፣ በፕላስቲክ አበባ የተከበበው የምርቃቷ ፎቶግራፍ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ተረፈ ስለ ኑሮ አወራ። ስኳር እንደጠፋ፣ ሽንኩርት አሥራ ስምንት ብር እንደገባ፣ ባጃጆች እስከ መናኸሪያ ድረስ አምስት ብር ካልከፈላችሁ እንደሚሉ በተራ አነሣ። ክፉ ሰው አይደለም። እናቷ የሞተችባትን የስድስት ዓመት ልጅ ቤቱ ሲያስገባ አላጉረመረመም፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟንም በየዓመቱ እሱ ነው ያሰፋላት። በቤቱ ውስጥ የሚገባም የሚወጣም ነገር በእሱ እጅ ካላለፈ ግን ቤቱ የፈረሰ ይመስለዋል። ወሬው ሲያልቅበት ከሸሚዙ ኪስ አንድ አረንጓዴ ካርድ አወጣና እንደ መታወቂያ ዘረጋላት።

"ይኸው፣ እኛም ዘምነናል። የእናንተ ሰዎች የሰጡን ነው።"

ካርዱ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የንጋቷ ነው፤ አንገቷን ደፍታለች። ማራናታ ካርዱን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ይህ ካርድ ከተመዘገበችው ሴት እጅ እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ ነው። "ጋሼ፣ ይህ የአክስቴ አይደለም እንዴ?" አለችው።

"የእሷ ነው እንጂ። ጣቷ አልታይ ሲል ጊዜ በእኔ ጣት ጨረሱልን። አቶ ሸዋንግዛው ጨዋ ሰው ነው፤ አላጉላላንም።" ካርዱን ተቀብሎ ወደ ኪሱ መለሰና በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ማራናታ አክስቷን አየቻት። ንጋቷ ዓይኗን ከጨሞው አላነሣችም። ካርዱ ተሠርቶ አልቆ ሳለ ሴትዮዋ ጣቷን በጡብ የምትፍቀው ለምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ባለፈው ዓመት፣ ሥራው በወረቀት በነበረ ጊዜ፣ የመጣው ዘይት ግማሹ ገበያ ሄዶ ለተረፈ ጫማ እንደተለወጠ ሰምታ ነበር። በዚህ ቤት ስለዚያ ጫማ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ንጋቷ የኮረሪማውን ፍሬ ከኩባያዋ በማንኪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

የድርጅቱ መኪና መጥቶ በር ላይ ጡሩምባ ነፋ። ንጋቷና ጎረቤቷ ማሚት በእግር ሊሄዱ ሲነሡ ማራናታ አስገባቻቸው። መኪናውን እንዳያቆሽሹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተቀመጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡና እርሻ በር ላይ ዘበኛው ሮጦ መጣና ለሾፌሩ ሰላምታ ሰጠ፤ "እንኳን ደህና መጡ፣ ኃላፊ።" ሾፌሩ ስቆ በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተው። ዘበኛው ከኋላ የተቀመጡትን ሦስት ሴቶች ተራ በተራ አየና በዕድሜ ለምትበልጠው ለማሚት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ማሚት እስከ አዳራሹ ድረስ ሳቋን መግታት አቃታት። ማራናታም ሳቀች፣ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀባት።

የእርሻው ሠራተኞች መሰብሰቢያ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ የተገነባ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሴቶቹ በረጅሙ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም እጃቸውን ከቀሚሳቸው አርቀው ይዘውታል። ለቀማው የጦፈበት ወቅት በመሆኑ የቡናው ሙጫ ጣታቸው ላይ ደርቆ ጠቁሯል፤ ሙጫው ባልያዘበትም ቆዳው ተላልጦ እንደ ጠጠር ለስልሷል። ሳባ የምትባል ወጣት መዝጋቢ የእያንዳንዷን አውራ ጣት በጨርቅ ጠርጋ መስተዋቱ ላይ ትጫነዋለች። ቀይ መብራት ይበራል። ደግማ ትጫነዋለች፣ ቀይ። ሦስተኛው ላይ "እናቴ፣ ወደ ዳር" ትላታለች። ዳር ላይ ያለው ጠረጴዛ የሸዋንግዛው ነው።

ሸዋንግዛው የድርጅቱ የአካባቢው አስተባባሪ ነው። ሚዛን ተወልዶ ያደገ፣ ከዞን እስከ ቀበሌ ሊቀ መንበሩን ሁሉ በስሙ የሚጠራ፣ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያው ከገላው የማይለይ ሰው ነው። ማራናታ መድረሷን አላየም። አንዲት ሴት ፊቱ ቆማለች።

"ጣትሽ አይሠራም፣ እናቴ። ባልሽን ጥሪና በእሱ እንጨርስልሽ።"

"ባል የለኝም።"

"ወንድምስ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ካቦሽን ጥሪው። ቀጥሎ።"

ካቦ የለቃሚዎቹ አለቃ ነው። ማራናታ ምሰሶ ተደግፋ ይህን ሰማች። ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ካቦዋን ፍለጋ ወጣች። ብትጣላው ኖሮ ለማራናታ ትንሽ ይቀላት ነበር። ሴትየዋ ግን የለመደችው ነገር ነው። ማራናታ ወደ አዳራሹ መጨረሻ ሄዳ ላፕቶፕዋን ከፈተች።

ኔትወርኩ እየተጎተተ መዝገቡን አመጣላት። በሴቶቹ ፎቶግራፍ ሥር ያሉት አሻራዎች ሰፋፊ የወንድ አውራ ጣቶች ናቸው። አንደኛው ጣት ላይ ገጀራ የቆረጠው የሚመስል ሰያፍ ጠባሳ አለ። ያ ጠባሳ በአንዲት መበለት ስም ሥር ተቀምጧል፤ ገጹን ስታዞር በሌላዋም ሥር፣ ከዚያም በሌላዋ ሥር አገኘችው። ብዙ ሴቶች፣ አንድ ካቦ፣ አንድ ጣት። ክረምት ሲመጣ መጋዘኑ የሚከፈተው ለዚያ ጣት ነው። አንድ አሻራ በሁለት ሰው ስም እንዳይገባ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ውስጥ ነበረ። ሸዋንግዛው ኔትወርክ እያስቸገረን ነው፣ ምዝገባው እስኪያልቅ አንሽልን ብሎ ደውሎ ሲለምናት፣ በአንድ ቁልፍ ያጠፋችው ራሷ ማራናታ ናት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይሏል ይህ ነው። ውሻዋም እሷ ነበረች።

አፈረች። ማሽኑን ስትሞክር በጸሐፊዎችና በሒሳብ ሠራተኞች ጣት ነበር፤ ከወረቀትና ከብዕር ሌላ ከባድ ነገር በማይነካ ጣት። ምዝገባው በኅዳር ይሁን ያለችውም ሴቶቹ ለለቀማ ተሰብስበው የሚገኙበት ወር ነው ብላ ነው። ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው አገሩን አያውቅም ይባልለት ነበር። እሷ ግን ልጅ ሳለች በለቀማ ወራት አክስቷ ፀጉሯን ስትሠራት፣ የጣቶቿ ቅርፊት ፀጉሯን እየያዘ ሲያስለቅሳት ያደገች ናት። ጣቱን ታውቀዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ ስትቀመጥ ረሳችው።

ሸዋንግዛውን ጠርታ ጆንያ ወደሚቀመጥበት ክፍል ይዛው ገባች። አልደነገጠም። ከጆንያው ክምር ላይ አቧራ አራግፎ እንድትቀመጥ ጋበዛት፤ ቆማ ቀረች።

"ልጄ፣ ስሚኝ" አለ። "አንድ ቤት ነው፤ አንድ ድስት ነው። እህሉን ሚስት አመጣችው ባል አመጣው፣ የሚበላው ቤተሰቡ ነው።"

"መበለቶቹስ፣ አቶ ሸዋንግዛው? ካቦው ከስንቷ ድስት ሊበላ ነው?"

ሰደርያውን ወደ ታች ሳበ። "ምን ላድርግ? ጣታቸው አልነበብ አለ። ቁጥሩን ደግሞ እናንተ በየቀኑ ትጠይቁኛላችሁ፤ ለምን አነሰ ትላላችሁ። የማያነበውን ማሽን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"እውነትዎን ነው" አለች።

ክርክር ጠብቆ ነበርና ጥቂት ግራ ገባው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ የዞን ሰዎችም ይመጣሉ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ በሬው ታስሯል። ነገን እንለፍና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ያንቺም የናይሮቢ ሹመት ነገ ነው የሚጸድቀው ሲሉ ሰምቻለሁ። ተይ፤ በገዛ እጅሽ አታበላሺው።"

ሁለት ጊዜ አላሰበችም ቢባል ውሸት ነው፤ አሥር ጊዜ አሰበች። ያንን ሹመት ፈልጋዋለች፤ አብዝታ ፈልጋዋለች። ናይሮቢ ባለው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ታናሽ እሷ ናት፤ ስብሰባው ሲጀመር ቃለ ጉባኤ ያዢልን የሚሏት፣ ዕረፍት ሲሆን ቡናው የት እንደሆነ የሚጠይቋት እሷን ነው። ተጠባባቂ የሚለው ቃል ከስሟ ፊት የሚነሣበትን ቀን ስትጠብቅ ዓመት አልፏታል። ነገን ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገ ካለፈ በኋላ ግን የተጨበጨበለትን ሥራ አፍርሶ የሚጀምር አለቃ አይታ አታውቅም። ራሷም እንደማታፈርሰው ገባት። ላፕቶፑን ጆንያው ክምር ላይ አስቀመጠች፣ የይለፍ ቃሏን ጻፈች፣ ቁልፉን ተጫነች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ታብሌቶች ሁሉ ምዝገባ ታግዷል የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ የሴቶቹ ጉምጉምታ እስከ ጆንያው ክፍል ተሰማ። ሸዋንግዛው ወጥቶ ሄደ።

ስልክ ሳይቆራረጥ የሚሠራው ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። የድርጅቱ የምሥራቅ አፍሪካ ዳይሬክተር ወይዘሮ ዋንጂሩ ናይሮቢ ሆና አነሣች። ማራናታ ያየችውን በአጭሩ ነገረቻት። ዋንጂሩ ሳታቋርጣት አዳመጠች፤ ሴትዮዋ የምታስፈራው ስትቆጣ ሳይሆን ስታዳምጥ ነው።

"ነገ እንግዶቹን ምን ልበላቸው?"

"የማራናታ ስህተት ነው በያቸው። ማሽኑን በቢሮ ሰው ጣት ሞከርኩት፤ መቆጣጠሪያውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ይህን በጽሑፍ ካገኘሁት ሹመትሽን ነገ መፈረም አልችልም። መቼ እንደምፈርምም ቃል አልገባልሽም።"

"ዛሬውኑ በጽሑፍ ይደርስሻል።"

"እሺ። ዘጋሁ ብቻ ብለሽ እንዳትመጪ ግን። ለነዚያ ሴቶች ምን እንደምታደርጊላቸው ነው ማወቅ የምፈልገው።" ስልኩን ዘጋችው። ማራናታ ዛፉን ተደግፋ ትንሽ ቆየች። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ዋጥ አደረገችውና ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

ሴቶቹ ተቆጥተዋል፣ አይፈረድባቸውም። የለቀማ ቀን አቃጥለው የመጡ ናቸው። ማራናታ ደረጃው ላይ ወጥታ ስሟንና ሥራዋን ተናገረች፤ የዚህ ሥራ አለቃ እኔ ነኝ ስትል ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። በሌላ ሰው ጣት የተሠራ ካርድ እንደማይሠራና በዚያ ካርድ ማንም እህል እንደማይወስድ ነገረቻቸው። "ጥፋቱ የጣታችሁ አይደለም" አለች። "ማሽኑ የተመረጠው ቡና ለማይለቅም ሰው ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።" የቢሮ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃቸው ሰምተው ስለማያውቁ እርስ በርስ ተያዩ። ቀድማ የተናገረችው ማሚት ናት።

"ይሁን፣ ምረንሻል። ጣቴ ካልታየ ታዲያ፣ እኔ ማሚት መሆኔን በምን ልታውቂ ነው?"

ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ማሚት ስትናገር ንጋቷ ከጎኗ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆማለች፤ ማራናታ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁለቱን በለቀማ ወራት ተነጣጥለው አይታቸው አታውቅም። በዚህ እርሻ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ጆንያ ይሞላሉ። ማታ ቡናውን ለማስመዘን ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ማንም የራሷን ስም አትጠራም። ለራስ መመስከር ነውር ነውና አንዷ ጆንያውን ስታነሣ ሌላዋ የጓደኛዋን ስም ጮክ ብላ ትጠራላታለች። ማራናታ ምሳ ይዛ በምትመጣበት ዘመን ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው።

"ሚዛኑ ላይ ስምሽን የሚጠራልሽ ማን ነው?" አለቻት።

"ንጋቷ ናታ።"

"የንጋቷንስ?"

"እኔ ነኛ። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?"

ማራናታ ሳባን ጠራቻት። ሥርዓቱ ውስጥ ጣታቸው ለማይነበብ ጥቂት ሰዎች ብላ የተወችው ጠባብ በር ነበረ፤ ፎቶግራፍና ምስክር። ከጥቂት ሰው በላይ እንዳያሳልፍ የገደበችውም እሷው ናት። ገደቡን አነሣች፣ ምስክር የሚለው ቦታ ላይ የጆንያ ጓደኛ ብላ ጻፈች፣ ያጠፋችውን መቆጣጠሪያ መልሳ አበራች፣ ያገደችውንም ምዝገባ ከፈተች። ሁለቱ አብረው ቀርበው አንዷ ለሌላዋ ትመሰክራለች፤ ክረምት እህል ሲታደልም አብረው ይመጣሉ፤ መጋዘኑ የሚከፈተው ፊታቸው ከፎቶግራፋቸው ጋር ተያይቶ፣ አንዷ የሌላዋን ስም ጠርታ ነው። የተበላሸውን ካርድ ያልመለሰች አዲስ አታገኝም። ሳባ በደንብ አልገባትም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች ስትመዘግብ ግን ፈጠነች። ሸዋንግዛው ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ጥግ ይዞ ስልክ ሲነካካ አረፈደ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲረዝምና ሲጋፋ ግን ተነሥቶ ሳይጠሩት መስመር ማስያዝ ጀመረ፤ ሰው ከሥራ ልማዱ የት ይሄዳል።

ካርዱ ተሻረ የሚል ወሬ ከተማ ገብቶ ወንዶቹ ይመጡ ጀመር። በኪሳቸው የያዙትን ለሚስቶቻቸው እየሰጡ አንዳንዱ በሳቅ፣ አንዳንዱ በኩርፊያ ዳር ዳር ቆሙ። ጠባሳ ጣቱ ካቦ ከመጡት መካከል አልነበረም። ተረፈ በሙሉ ልብሱ፣ በዚያ በጫማው መጣ። ማራናታን ከጠረጴዛው ጀርባ ሲያያት መጀመሪያ እንደምትጽፍ ነበር የመሰለው። ሳባም፣ ሾፌሩም፣ ሸዋንግዛውም ሳይቀር እየመጡ እሷን ሲጠይቁና እሷን ሲያስፈቅዱ አየ። ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ።

"ይህን ሁሉ ያስቆምሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"የሰው ቤት ማፍረስ ነው ይህ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም? እኔ በዚህ ከተማ ስሜ አለ።"

"ስምህማ አለ፣ ጋሼ። ካርዱ ላይ ያለው ግን የአክስቴ ነው።" ያሰፋላት ዩኒፎርም ሁሉ ትዝ አላት። ዓይኗን ከዓይኑ ግን አላነሣችም። ተረፈ ቀና አለና እጁን ኪሱ ላይ አድርጎ ከጠረጴዛው ፈቀቅ አለ፤ ካርዱንም አላወጣም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የንጋቷና የማሚት ተራ ደረሰ። ሳባ ማሚትን መዝግባ ወደ ንጋቷ ዞረች። "የድሮውን ካርድ ይስጡኝ" አለቻት። ማራናታ ልታግዛት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ንጋቷ አላየቻትም። ዞር ብላ ወደ ባሏ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ከቀሚሷ አርቃ የያዘችውን እጇን፣ ሙጫ የበላውንና በጡብ የቆሰለውን፣ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችም፤ ዘርግታ ቆመች። ከጎኑ የነበሩት ወንዶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ተረፈ እጇን አየ። ያን ያህል ቀርቦ ካየው ስንት ዘመን እንደሆነው እንጃለት። ካርዱን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ንጋቷ ተመልሳ ለሳባ ሰጠቻት፤ ሳባ በመቀስ ለሁለት ቆረጠችው።

"ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?" ሳባ ማሚትን ጠየቀች፤ ጥያቄው ለሁሉም የሚቀርብ ነው።

"ንጋቷ ናት።"

"በምን ታውቂያታለሽ?"

"ጆንያ ልታነሣ ስትል ቀድማ እንደ በሬ ትተነፍሳለች። ሸክሙ የሚከብደውን ጎን ለእኔ ሰጥታኝ አታውቅም።" ሰልፉ ላይ ያሉት ሳቁ። ንጋቷም ሳቀች፤ ሳባ ፎቶግራፉን ያነሣችው ያኔ ነው፤ ዓይኗ ቀጥ ብሎ እያየ።

አመሻሽ ላይ ቆጮ በጎመን ቀረበ። ማራናታ ለዋንጂሩ የጻፈችውን ሪፖርት ከእርሻው ሳትወጣ አቮካዶው ሥር ሆና ልካዋለች። ተቀብያለሁ የምትል አጭር መልስ መጥታላታለች፤ ስለ ሹመቱ ቃል የላትም። ከፍቷታል፤ ከፍቷት ግን ርቧታልና በላች። ነገ ድንኳኑ ሥር ለተሰበሰበው እንግዳ ያንኑ ሪፖርት በአፏ ትደግመዋለች፤ ከዚያ ቀሪዎቹ እርሻዎች አሉ፣ የእነሱንም መዝገብ ከፍታ ታያለች። ተረፈ የቆጮውን ጠርዝ ይቆርሳል፣ ያላምጣል፣ ቴሌቪዥኑ የለበሰውን ዳንቴል ያያል። መሐል ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ጠዋት ያነጋገረው ሰው ነው። ጥቂት አዳመጠና "አይ፣ ጸሐፊ እንኳ አይደለችም" አለ፣ ማራናታን በጎን እያየ። "አለቃ ናት። አዎ፣ የፈረንጆቹ አለቃ። ዛሬ አገር ምድሩን አስቁማ ዋለች እባክህ።" አቤቱታ ይሁን ኩራት ራሱም አልለየለትም።

ስልኩን አስቀመጠ። ንጋቷ አዲሱን ካርድ የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ በተሰቀለበት ምስማር ላይ በክር አንጠልጥላዋለች፤ ማንም ሊደርስበት ይችላል፣ ማንም አልነካውም። ተረፈ እጁን ታጥቦ፣ ፎጣውን አጣጥፎ፣ እንደ ዋዛ ጠየቀ።

"ታዲያ ክረምት ሲመጣ እህሉን ማን ሊያመጣው ነው?"

"እኔና ማሚት" አለች ንጋቷ፤ ሳህኖቹን እያነሣሣች። "አንተ በሩን ትከፍትልናለህ።"